የኮምፒውተር ሞዴሎች በባሮ አኮቦ ተፋሰስ፦ ፋይዳቸውና የሚታመኑበት ወሰን

ሚዛን ቴፈሪ፣ ቴፒ፣ ማሻና ጎሬ የሚገኙበት የአገራችን ደቡብ ምዕራብ ክፍል በዝናብ ብዛት ቀዳሚ ነው። በሌሎች አካባቢዎች ዝናብ በበልግና በክረምት ተከፍሎ ሲጠበቅ፣ በዚህ አካባቢ ከመጋቢት አንሥቶ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ድረስ ብዙም ሳያቋርጥ ይዘንባል። ከእነዚህ ከፍተኛ ቦታዎች የሚነሡት ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ወደ ጋምቤላ ሜዳ ይወርዳሉ። ባሮ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት የተባለውን ወንዝ ይፈጥራል፤ በደቡብ ሱዳን ማላካል ላይ ከሚያልፈው የነጭ ዓባይ ውሃም ግማሽ ያህሉ የሶባት ድርሻ ነው። በኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ያለው የባሮ አኮቦ ተፋሰስ ወደ 76,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ሲኖረው፣ በየዓመቱ 23 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ያፈልቃል። የአዋሽ ተፋሰስ ከዚህ በስፋት በእጅጉ የሚበልጥ ቢሆንም ዓመታዊ ውሃው ከ5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በታች መሆኑን ስናስብ፣ ደቡብ ምዕራቡ በአገሪቱ የውሃ ሀብት ውስጥ ያለው ሥፍራ ግልጽ ይሆናል።

ይሁንና ይህ ውሃ በብዛቱ ልክ አልተለካም። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ባወጣው መመሪያ መሠረት በተራራማ አካባቢ ቢያንስ ለ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ በሜዳማ አካባቢ ደግሞ ለ1,875 ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ የወንዝ ፍሰት መለኪያ ጣቢያ ሊኖር ይገባል። የላላውን መስፈርት ብቻ ወስደን ብናሰላ እንኳ ለባሮ አኮቦ 40 ያህል ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ። በተከታታይ የሚሠሩትና መዝገባቸው ያልተቆራረጠው ጣቢያዎች ግን ከዚህ ቁጥር በብዙ ያነሱ ናቸው፤ ያሉትም ቢሆኑ በአብዛኛው መኪና በሚደርስባቸው ድልድዮች አጠገብ የተተከሉ ናቸው። በደን ውስጥ የሚያልፉ ትናንሽ ገባር ወንዞች ምን ያህል ውሃ እንደሚያወርዱ የሚያውቀው በዳርቻቸው የሚኖረው ሕዝብ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በጥናት ሰነዶች ውስጥ እየተዘወተሩ የመጡት ሂደት-ተኮር የሚባሉት የኮምፒውተር ሞዴሎች ናቸው። ድልድይ ሲነደፍ፣ የከተማ መጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ሲታቀድ፣ የመስኖ ግድብ ሲጠና፣ የደን መሬት ወደ እርሻ ቢለወጥ ምን እንደሚከተል ሲጠየቅ መልሱ እየተገኘ ያለው ከእነዚህ ሞዴሎች ነው። በመሆኑም በወረዳም ሆነ በፌዴራል ደረጃ ውሳኔ የሚሰጡ አካላት፣ በአካባቢው የሚንቀሳቀሱ ባለሀብቶችና አርሶ አደሮች ቁጥሩ ከየት እንደመጣና እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ ማወቅ ይኖርባቸዋል። ችግሩ በአጭሩ ሲገለጽ ይህን ይመስላል፦ ሞዴሉ እጅግ የሚያስፈልገው መለኪያ በሌለበት ቦታ ነው፤ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ የማይቻለውም እዚያው መለኪያ በሌለበት ቦታ ነው።

ሞዴሉ ምን ይሠራል?

ሂደት-ተኮር ሞዴል ዝናብ ከወረደበት ቅጽበት አንሥቶ ወንዝ ውስጥ እስኪገባ ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ በሒሳብ ቀመሮች ደረጃ በደረጃ የሚከታተል ፕሮግራም ነው። ከዝናቡ ምን ያህሉ በዛፍ ቅጠል ላይ ቀርቶ እንደተነነ፣ ምን ያህሉ ወደ አፈር እንደሠረገ፣ ምን ያህሉን ሥር ስቦ በቅጠል በኩል ወደ አየር እንደመለሰው፣ ምን ያህሉ በምድር ገጽ ላይ ፈስሶ ጎርፍ እንደሆነ፣ ምን ያህሉ ወደ ከርሰ ምድር ወርዶ ከወራት በኋላ በምንጭነት እንደወጣ በየዕለቱ ያሰላል። አሠራሩ አንድ ገበሬ የጎተራውን እህል ከሚቆጣጠርበት ዘዴ ብዙም አይርቅም፤ የገባው፣ የወጣውና የቀረው መመጣጠን አለበት። የስታቲስቲክስ ሞዴል ያለፈውን የዝናብና የፍሰት መዝገብ አዛምዶ ይተነብያል እንጂ ምክንያቱን አይመረምርም። ሂደት-ተኮሩ ግን መንገዱን ስለሚከታተል ገና ያልሆነን ነገር ሊጠየቅ ይችላል። ደኑ ቢመነጠር፣ ዝናቡ ቢቀንስ፣ ረግረጉ ቢጠነፈፍ ምን ይሆናል ለሚሉ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የሚሞክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ፍሪዝና ሃርላን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአንድን ተፋሰስ ውሃ በሙሉ በፊዚክስ ቀመር የሚያሰላ ሞዴል ንድፍ አቀረቡ፤ የዚያን ጊዜ ኮምፒውተሮች ግን ሥራውን የሚሸከሙ አልነበሩም። ከዚያ በኋላ ስዊድናውያን ኤችቢቪ የተባለውን ቀለል ያለ ሞዴል፣ የዴንማርክ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ተቋማት ደግሞ በጋራ ሺ የተባለውን ጥልቅ ሞዴል አዘጋጁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች በቴክሳስ ያበለጸጉት ስዋት የተባለው ሞዴል በአገራችን በስፋት ተሰራጭቷል። ስዋት በነጻ የሚገኝ፣ ከካርታ ሶፍትዌር ጋር የሚገናኝና በርካታ ማስተማሪያ ያለው በመሆኑ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የድኅረ ምረቃ የውሃ ጥናቶች ብዙዎቹ በእርሱ የተሠሩ ናቸው። ይህ ስርጭት በራሱ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ሞዴሉ የተመረጠው ለቦታው ስለሚስማማ ነው ወይስ ስለተለመደ ነው የሚለው ጥያቄ በብዙዎቹ ጥናቶች ውስጥ ሳይነሣ ይታለፋል።

የሞዴሎቹን ፋይዳ ለማየት ወደ ጋምቤላ መውረድ በቂ ነው። በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ዳርቻ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ ቡና በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር፤ ጀልባዎቹ የሚመጡት ግን ወንዙ በሚሞላባቸው ወራት ብቻ ነበር። ለዚያ ዘመን ነጋዴ የባሮ መሙላት በረከት ነበር። ዛሬ የጋምቤላ ከተማና የወንዙ ዳር ወረዳዎች ያንኑ ሙላት በሥጋት ይጠብቁታል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያና በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ባሮ ከዳርቻው ወጥቶ በከተማዋና በአካባቢው ነዋሪዎችን ያፈናቀለ ጎርፍ አስከትሏል። ጋምቤላ ላይ የሚደርሰው ውሃ በአመዛኙ ከላይ፣ ከኢሉባቦር፣ ከሸካና ከአካባቢያቸው ከፍታዎች የዘነበ በመሆኑ፣ ከፍታው ላይ የወረደውን ዝናብ አስልቶ ቆላው ከመጥለቅለቁ በፊት የሚያስጠነቅቅ ሞዴል የሰው ሕይወትና ንብረት ያተርፋል። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የምሥራቅ ናይል ቴክኒክ ቀጣናዊ ጽሕፈት ቤት በሚያካሂደው የጎርፍ ትንበያ ሥራ ውስጥ የባሮ አኮቦ ሶባት ተፋሰስ መካተቱም ለዚሁ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሞዴል አማራጭ የለም ማለት ይቻላል።

ጎርፉ የሚነሣው ከየት ነው?

ከፋይዳው ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳይ ሞዴሉ ውስጥ የተቀመጠው ቀመር የየትኛውን ምድር ጠባይ ይገልጻል የሚለው ነው። ስዋትን ጨምሮ በርካታ ሞዴሎች ዝናብ ወደ ጎርፍ የሚለወጥበትን መጠን የሚያሰሉት የአሜሪካ የአፈር ጥበቃ አገልግሎት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ባዘጋጀው የከርቭ ቁጥር በሚባል ዘዴ ነው። በዘዴው ለእያንዳንዱ የአፈር ዓይነትና የመሬት አጠቃቀም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጎርፉ ይበዛል። በተለመደው አጠቃቀሙ ግን ማሳው የሚገኝበት ሥፍራ፣ ማለትም ከኮረብታው አናት ይሁን ከሸለቆው ግርጌ፣ ብዙም አይታይም።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የተለካው ግን የተለየ ነገር ያሳያል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጄኒ፣ በኢሉባቦር ዲዚና በሌሎችም ቦታዎች ትናንሽ ተፋሰሶችን መርጦ ዝናብን፣ ፍሰትንና ደለልን ለዓመታት መዝግቧል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲና የአገራችን ተመራማሪዎች በኋላ የማይባርን፣ የአንዲት ጥድንና የአንጄኒን መዝገብ ሲመረምሩ፣ አፈሩ ውሃ የማስረግ አቅሙ በአብዛኛው ከዝናቡ ጥንካሬ እንደሚበልጥ አረጋገጡ። ይህም ማለት ዝናቡ ቢበረታም ጤነኛ አፈር ባለበት ቁልቁለት ላይ በአብዛኛው ወደ ውስጥ ይሠርጋል፤ በገጽ ላይ የሚፈሰው በዋናነት ውሃ ጠግቦ ከሚያቆረው የሸለቆ ግርጌና አፈሩ ተሸርሽሮ ድንጋይ ከቀረው የተራቆተ መሬት ነው። ማይባር ላይ እንዲያውም ቁልቁለታማ ማሳዎች ለጥ ካሉት ያነሰ ጎርፍ ሲሰጡ ተገኝተዋል። ከዚህ በተጨማሪ በሦስቱም ቦታዎች ትነቱ ተቀንሶ 500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ እስኪጠራቀም ድረስ ወደ ወንዝ የሚደርሰው ድርሻ እየጨመረ ይሄድና ከዚያ በኋላ ይረጋል። ምድሩ መጀመሪያ ይጠጣል፤ ከጠገበ በኋላ የሚቀጥለውን ያሳልፋል።

ይህ ግኝት ለሚዛን ቴፈሪና ለቴፒ አካባቢ የሚኖረው ትርጉም ሰፊ ነው። ቀዩና ጥልቁ አፈር፣ በላዩ የተነጠፈው የቅጠል ብስባሽ፣ በዋንዛና በሌሎች የጥላ ዛፎች ሥር የበቀለው ቡና ውሃ የማስረግ አቅሙን ከፍ ያደርጉታል። አንድ ዓይነት መጠን ያለው ዝናብ በሚያዝያ ቢወርድ ወንዙን ብዙም ላያናውጠው ይችላል፤ በነሐሴ ሲወርድ ግን ድልድይ ሊያስፈራራ ይችላል። የዕለቱን ዝናብ ብቻ አይቶ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት በሚያዝያ በከንቱ ያስደነግጣል፤ በነሐሴ ደግሞ ይዘገያል። ጎርፉ የሚነሣው ከሸለቆው ግርጌ ከሆነ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል ለአፈሩ የሚሰጡት ጥቅም እንዳለ ሆኖ የጎርፉን ከፍታ የሚወስነው ረግረጉ ነው ማለት ነው። በኢሉባቦር ረግረጎች ለበቆሎ እየተጠነፈፉ መታረሳቸው የቆየ ጉዳይ ነው። የረግረጉን ሚና በውስጡ ያልያዘ ሞዴል ረግረጉ ቢጠነፈፍ ምንም አይለወጥም ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ የማጠንፈፊያ ፈቃድ የሚጠይቅ አካልም ይህን መልስ በእጁ ይዞ ይቀርባል።

በእርግጥ የማይባር ውጤት እንዳለ ተነሥቶ ሸካ ላይ ሊለጠፍ አይችልም። ማይባርና አንዲት ጥድ ለዘመናት የታረሱ፣ ዛፍ የሳሳባቸውና ዝናባቸው የክረምት የሆነ ቦታዎች ናቸው። ለደቡብ ምዕራቡ የሚቀርበው የዲዚ መዝገብ ነው፤ እርሱም አንድ ትንሽ ተፋሰስ ነው። በሚዛን አማን ዙሪያ በጋጨብ ተፋሰስ የተካሄዱ ጥናቶች ደግሞ ደንና የጥላ ቡና ወደ እህል ማሳ ሲለወጡ የአፈሩ ካርቦንና ለምነት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ብስባሹ ያለቀበት አፈር የማስረግ አቅሙም ስለሚዳከም፣ ዛሬ ውሃ የሚጠጣው ቁልቁለት ነገ ጎርፍ የሚለቅ ሊሆን ይችላል። ሰፈራ፣ ሰፋፊ የሻይና የቡና እርሻዎችና የእህል ማሳ መስፋፋት የደኑን ገጽታ ባለፉት አሥርት ዓመታት ለውጠውታል። ስለዚህ በትላንቱ ምድር ላይ የተስተካከለ ሞዴል ለነገው ምድር ያው ሆኖ እንደሚያገለግል የሚያረጋግጥ ነገር የለም።

ተመሳስሎ መገኘትና ትክክል መሆን

ማንኛውም የሞዴል ጥናት ሪፖርት ውስጥ ሁለት መስመሮች የተሣሉበት ግራፍ ይገኛል፤ አንዱ የተለካውን ፍሰት፣ ሌላው ሞዴሉ ያሰላውን ያሳያል። መስመሮቹ ከተቀራረቡ ሞዴሉ «ጥሩ» ወይም «እጅግ ጥሩ» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ መቀራረብ የሚገኘው ግን በማስተካከያ ሂደት ነው። በሞዴሉ ውስጥ ያሉ በርካታ ፓራሜትሮች፣ ማለትም የአፈሩ ጥልቀት፣ የማስረግ ፍጥነቱ፣ የከርሰ ምድር ውሃ የሚዘገይበት ጊዜና የመሳሰሉት፣ መስመሮቹ እስኪገናኙ ድረስ ከፍና ዝቅ ይደረጋሉ። የላንካስተር ዩኒቨርሲቲው ኪት ቤቨን ለዓመታት እንዳስገነዘቡት፣ ፈጽሞ የተለያዩ የፓራሜትር ስብስቦች እኩል የተዋጣ ግራፍ ሊሰጡ ይችላሉ። አንዱ ስብስብ ውሃው በምድር ገጽ ፈሰሰ ይላል፤ ሌላው በአፈር ውስጥ ተጓዘ ይላል፤ ወንዙ ላይ የሚታየው ድምር ግን አንድ ነው። ሁለት ሰዎች በተለያየ መንገድ ተጉዘው በአንድ ሰዓት ገበያ ቢደርሱ፣ የመድረሻ ሰዓታቸውን ብቻ በማየት የመጡበትን መንገድ ማወቅ አይቻልም። ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ የመድረሻው ሰዓት ሊበቃ ይችላል፤ እርከኑ የት ይሠራ፣ ደኑ ቢነካ ምን ይከተላል ለሚለው ግን መንገዱን ማወቅ ግድ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝና የቡና አምራቹን በቀጥታ የሚመለከት ሌላ ነጥብ አለ። መስመሮቹ መቀራረባቸውን ለመመዘን በስፋት የሚሠራበት መለኪያ ናሽና ሰትክሊፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረቡት ነው። መለኪያው ልዩነቶችን በራሳቸው አባዝቶ ስለሚደምር ትልልቅ ፍሰቶች በውጤቱ ላይ ከፍተኛ ክብደት ያገኛሉ፤ በበጋ ያለው ትንሽ ፍሰት በእጥፍ ቢሳሳት እንኳ ነጥቡ ብዙም አይነካም። የነሐሴን ሙላት በደንብ የያዘ ሞዴል «እጅግ ጥሩ» የሚል ማዕረግ አግኝቶ የጥርን ፍሰት ፈጽሞ ሊስተው ይችላል ማለት ነው። በደቡብ ምዕራቡ ግን ከውሃ አንጻር ፈታኙ ጊዜ የቡና ለቀማው ወቅት ነው። ዝቅ ባሉት የቴፒና የበበቃ አካባቢዎች ለቀማው ክረምቱ ሲወጣ ይጀምራል፤ ከፍ ባሉት ቦታዎች እስከ ታኅሣሥና ከዚያም ወዲህ ይዘልቃል። የእሸት ቡና መፈልፈያ ኢንዱስትሪዎች ከጅረት ውሃ ወስደው ገለባውንና ሙጫውን ያጠቡበትን ውሃ የሚለቁት ጅረቱ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ በሚሄድበት በዚሁ ጊዜ ነው። ከጅረቱ ግርጌ ያሉ ነዋሪዎች ውሃው ጠቁሮና ሸትቶ መጣ ብለው ቅሬታ የሚያቀርቡትም ያን ጊዜ ነው። አንድ ጅረት ስንት መፈልፈያ ይሸከማል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በዝቅተኛው ፍሰት ነው፤ እርሱም ሞዴሎቻችን ብዙም ትኩረት ያልሰጡት ክፍል ነው። ፈቃድ የሚሰጥ አካል የዓመቱን አማካይ ፍሰት የያዘ ሠንጠረዥ ቢቀርብለት የሚነግረው ነገር አለመኖሩን ማወቅ አለበት። አማካዩ የሚሞላው በክረምት ነው፤ ቡናው የሚታጠበው በበጋ ነው።

የግብዓት መረጃው ጉዳይም ቀላል አይደለም። የዝናብ ጣቢያ በሌለበት ቦታ የሳተላይት መረጃ ይተካል፤ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው ቺርፕስ የተባለው መረጃና የአገራችን የሜትሮሎጂ ተቋም የጣቢያና የሳተላይት መረጃን በማጣመር ያዘጋጀው ኢናክትስ የተባለው ሥራ ትልቅ አስተዋጽኦ አድርገዋል። ሆኖም ሳተላይት ዝናብን የሚገምተው በአመዛኙ ከደመናው አናት ቅዝቃዜ ነው። ከቆላ ተነሥቶ ተራራ ሲወጣ የሚዘንበው እርጥብ አየር ደመናው ከፍ ሳይል ስለሚያዘንብ፣ በተራራ ፊት ያሉ ቦታዎች ዝናብ አንሶ ሊገመት ይችላል፤ ሸካና ቤንች ደግሞ እንዲህ ያለ ተራራ ፊት ናቸው። የመሬቱ ከፍታ ካርታም በተለምዶ የሚወሰደው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በራዳር ከመዘገበው ነው። ያ ራዳር ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ዘልቆ እስከ መሬት ስለማይደርስ፣ በሸካ ደን ካርታው የሚያሳየው ከፍታ ከመሬቱ ይልቅ ወደ ዛፉ አናት ይጠጋል። በደን የተከበበ ረግረግ በካርታው ላይ እንደ ጉድጓድ፣ የደን ዳርቻ እንደ ገደል ይነበባል። የስዋት የዕፅዋት ዕድገት ክፍልም ወቅትን ሙቀት ለሚወስንባቸው አገሮች የተቀመረ በመሆኑ፣ ወቅትን ዝናብ በሚወስንበት በሐሩር ክልል ዛፉ ቅጠል የሚያወጣበትን ጊዜ ያሳስታል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ለሐሩር ክልል የተሻሻለ ቅጂ የታተመው ይህን ለማረም ነበር። ከጥላ ዛፍ ሥር የበቀለ ቡና፣ በመካከሉ ኮረሪማ፣ ከጎኑ እንሰት ያለበት ማሳ በሞዴሉ የዕፅዋት ዝርዝር ውስጥ የለም። ተመራማሪው ከዝርዝሩ የሚቀርበውን መርጦ «ደን» ወይም «ፍራፍሬ» ብሎ ይሞላዋል።

በዚህ ላይ «የተለካ» የምንለው ፍሰትም ቢሆን ከግምት የጸዳ አለመሆኑ መነገር አለበት። በአብዛኞቹ ጣቢያዎቻችን ታዛቢው በወንዙ ዳር የቆመውን የከፍታ መለኪያ ዘንግ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት፣ ያነብባል። እንደ ባሮ ላለ ሰፊ ወንዝ ይህ ሊበቃ ይችላል። ከተራራ በቀጥታ በሚወርድ ትንሽ ወንዝ ግን ከቀትር በኋላ የጣለው ዝናብ ያመጣው ሙላት ከምሽቱ 2 ሰዓት ደርሶ ሌሊቱን ሊያልፍና ከመዝገብ ውጪ ሊቀር ይችላል። የተነበበው ከፍታ ወደ ፍሰት መጠን የሚለወጠው ደግሞ ባለሙያዎች ወንዙ ውስጥ ገብተው በለኳቸው ጥቂት ነጥቦች በተሠራ ቀመር ነው፤ ወንዙ በሞላ ጊዜ ገብቶ መለካት አደገኛ ስለሆነ የቀመሩ የላይኛው ጫፍ በግምት የተዘረጋ ነው። ለድልድይ ንድፍ የሚያስፈልገው ግን ያው የላይኛው ጫፍ ነው። አንዱን ግምት በሌላው ግምት መዝነን «እጅግ ጥሩ» እያልን የምንጽፍበት ጊዜ እንዳለ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተዘረዘረው ሞዴሎችን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ሞዴል አልጠቀምም የሚል መሐንዲስም በግምት መሥራቱ አይቀርም፤ ልዩነቱ የእርሱ ግምት ያልተጻፈ በመሆኑ ማንም ሊመረምረው አለመቻሉ ነው። የሞዴል ትልቁ በጎ ጎን ግምቱን በጽሑፍ ማስፈሩና ለክርክር ማቅረቡ ነው። ስለዚህ ጥናት የሚያስጠኑና የሚረከቡ ተቋማት ከአንድ ቁጥር ይልቅ የቁጥሮች ወሰን እንዲቀርብላቸው መጠየቅ ይኖርባቸዋል፤ እኩል የተዋጡት የፓራሜትር ስብስቦች በሙሉ ሲሞከሩ ዝቅተኛው ፍሰት ከስንት እስከ ስንት ይሆናል? ሞዴሉ የክረምቱን ሙላትና የበጋውን ፍሰት ለየብቻ ተመዝኗል ወይ? የተስተካከለው በየትኛው ጣቢያ መዝገብ ነው፤ ያ ጣቢያስ ከተጠናው ቦታ ጋር በአፈር፣ በዝናብና በደን ሽፋን ይመሳሰላል? ረግረጉ በሞዴሉ ውስጥ አለ? እነዚህን ለመጠየቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ለሁሉም ጥናት አንድ ግዙፍ ሞዴል ከመሻትም፣ ለኢትዮጵያ ደጋዎች እንደተሞከረው ምድሩን ውሃ በሚጠግብ ግርጌ፣ በተራቆተ መሬትና በሚያሰርግ ቁልቁለት በሦስት ከፍሎ የሚያሰላ ጥቂት ፓራሜትሮች ያሉት ሞዴል ብዙ ጊዜ የተሻለ ያገለግላል፤ የሚጠይቀው መረጃ ትንሽ ነው፣ ሲሳሳትም የተሳሳተበት ቦታ ይታያል።

ከአረንጓዴ አሻራ ጋር በተያያዘም ሞዴሎች በተደጋጋሚ እየተጠየቁ ነው። ዛፍ ሲተከል የወንዝ ፍሰት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል ለሚለው አንድ መልስ የለም። ዛፍ የአፈሩን የማስረግ አቅም ያሻሽላል፤ በዚያው ልክ ራሱም ይጠጣል። የተራቆተ ኮረብታ ላይ የተተከለ አገር በቀል ዛፍና በረግረግ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ በጥር ወር ምንጭ ላይ የሚያሳድሩት ውጤት ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ሞዴሉ ሁለቱን «ደን» ብሎ በአንድ ስም ከጠራቸው መልሱም አንድ ይሆናል።

ዋናው ሥራ ግን መለካት ነው፤ በዚህ ረገድ የቅደም ተከተል ጉዳይ እንዳለ እናምናለን። የባሮ አኮቦ የተቀናጀ ማስተር ፕላን እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጠናቀቅ የተመሠረተው በወቅቱ በነበረው መዝገብ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሞዴሎቹ ብዛትና ረቂቅነት ብዙ እጥፍ አድጓል፤ የመዝገቡ ርዝመትና ጥራት ግን በዚያ ልክ አልተራመደም። በደቡብ ምዕራቡ አዲስ ጣቢያ የሚተከል ከሆነ ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ትልልቆቹ ወንዞች ድልድይ ሥር ሳይሆን ትናንሾቹ ጅረቶች ናቸው፤ አንዱ በደን የተሸፈነ፣ አንዱ የጥላ ቡና የለበሰ፣ አንዱ ወደ እህል ማሳ የተለወጠ፣ ሦስቱም ተቀራራቢ ዝናብ የሚያገኙ። ጎን ለጎን ለጥቂት ዓመታት ከተለኩ፣ ደኑ ሲነካ ውሃው ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ያለ ብዙ ቀመር መመለስ ይጀምራሉ፤ ለሞዴሎቹም እስካሁን ያላገኙትን መፈተኛ ይሰጣሉ። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ እዚያው መኖሩ፣ የሸካ ደን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል መሆኑና የቴፒና የበበቃ የቡና እርሻዎች ሰፊ መሬት በአንድ አስተዳደር ሥር መያዛቸው ለእንዲህ ያለ ሥራ ምቹ ሁኔታ ይፈጥራሉ።

በየአሥራ አምስት ደቂቃው የውሃ ከፍታ የሚመዘግብ አውቶማቲክ መሣሪያ የሌሊቱን ሙላት ይይዛል፤ ሆኖም ባትሪው ሲያልቅ፣ ጎርፍ ሲወስደው ወይም ደለል ሲቀብረው የሚያውቀው በአካባቢው ያለ ሰው ነው። በመሆኑም መሣሪያው የታዛቢውን ሥራ ይለውጠዋል እንጂ አያስቀረውም። ታዛቢዎች በአብዛኛው በወንዙ አቅራቢያ የሚኖሩ፣ ለሥራው መጠነኛ ክፍያ የሚያገኙ አርሶ አደሮች ናቸው። የአንድ ታዛቢ ክፍያ ለወራት ሲዘገይ ወይም ዘንጉ በጎርፍ ተወስዶ ሳይተካ ሲቆይ በመዝገቡ ላይ ባዶ ዓምድ ይቀራል፤ ያ ዓምድ ከዓመታት በኋላ በአንድ ተመራማሪ ኮምፒውተር ውስጥ በሞዴል ይሞላል።